«ወጌሻ ልትሆን ነው እንዴ አሜሪካ ያመጣኋት?»

ጥያቄ፦

«ጤና ይስጥልኝ። አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው የምኖረው። ነርሲንግ ሆም ውስጥ በሌሊት ፈረቃ ሲኤንኤ (የነርስ ረዳት) ሆኜ ስሰራ 13 ዓመቴ ነው። ባለቤቴ ኡበር ይነዳል። ትልቋ ልጃችን ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ናት። ነርሲንግ ትማራለች ብዬ ስጠብቅ ኪኔሲዮሎጂ የሚባል ነገር ያዘች። ዝም አልኩ። አሁን ደግሞ ማስተርስ ተምሬ አትሌቲክ ትሬነር እሆናለሁ አለች። የሩጫ አሰልጣኝ መስሎኝ ‹አንቺ መቼ ሮጠሽ ታውቂያለሽ?› አልኳት። አይ፣ የተጎዱ ስፖርተኞችን የሚያክም ነው አለችኝ። አባቷ ‹በቃ ወጌሻ በይኛ!› ብሎ ሳቀ። ተነስታ ክፍሏ ገባች፣ በሩን ዘጋች። ይኸው ሦስት ሳምንት ሆነን፣ በቅጡ አንነጋገርም። ሃይስኩል ኳስ ስትጫወት ጉልበቷ ተበጥሶ ኦፕሬሽን ሆና ነበር፤ ይሄ ነገር ጭንቅላቷ ውስጥ የገባው ከዚያ ወዲህ ነው። ለመሆኑ ይሄ ሥራ ነው? እንጀራ ይሆናል? ነርሲንግ እንድትገባ ላስገድዳት ወይስ ልተዋት? ቡና ላይ ‹ልጅሽ ምን ትማራለች?› ሲሉኝ እንኳ የምመልሰው አጣሁ። — የሌሊት ሠራተኛዋ እናት»

መልስ፦

እህቴ፣ ደብዳቤዎን ያነበብኩት አርብ ማታ ከጨዋታ ተመልሼ ነው። ጫማዬ ጭቃ ነበር። ጣቶቼ ላይ የቴፕ ሙጫ ነበር። ልጅዎ ልሆነው ነው ያለችውን ሥራ እኔ አንድ ሃይስኩል ውስጥ 11 ዓመት ሠርቼዋለሁ። ስለዚህ ለሙያው እንደማደላ ከአሁኑ ይወቁት። ቢሆንም ደመወዙን፣ ሰዓቱን፣ ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳውንም ነገር አልደብቅዎትም።

በስሙ ልጀምር። የቤታችሁ ጠብ ግማሹ ከስሙ የመጣ ነው። እኛ «አትሌቲክ» ስንባል ሩጫ ነው የሚታየን። «ትሬነር» ስንባል አሰልጣኝ። ሁለቱ ሲገጣጠሙ ፊሽካ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ሰው ይመጣብናል። አይፍረዱ፣ እዚሁ ተወልደው ያደጉ አሜሪካኖችም የጂም አሰልጣኝ እየመሰላቸው ክብደት እንዴት እንደሚቀንሱ ይጠይቁኛል። አትሌቲክ ትሬነር የጤና ባለሙያ ነው። ጉዳት እንዳይደርስ አስቀድሞ ይሠራል። ሲደርስ ቀድሞ የሚደርሰው እሱ ነው። ምን እንደተጎዳ ይመረምራል፣ ሐኪም ማየት ያለበትን ይልካል፣ ከዚያ ልጁ ወደ ሜዳ እስኪመለስ ድረስ ሕክምናውን ይከታተላል። ከሐኪም ጋር ተያይዞ ነው የሚሠራው።

የሙያ ማህበሩ የተመሠረተው በ1950 ካንሳስ ሲቲ ውስጥ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። የአሜሪካ ሐኪሞች ማህበር ደግሞ በ1990 የጤና ሙያ ነው ብሎ ተቀበለው። እናንተ ግዛት፣ ቨርጂኒያ ውስጥ፣ ፈቃዱን የሚሰጠው ማን መሰለዎት? ቦርድ ኦፍ ሜዲሲን ነው። ለሐኪሞች ፈቃድ የሚሰጠው ያው ቦርድ። ከ50ዎቹ ግዛቶች ይህንን ሙያ በሕግ ሳይቆጣጠር የቀረው ካሊፎርኒያ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ባለቤትዎ ቃል ልምጣ። «ወጌሻ» ሲሉ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም። በሬዲዮ የኳስ ጨዋታ ሲተላለፍ «ተጫዋቹ ወድቋል፤ ወጌሻው ቦርሳውን ይዞ እየገባ ነው» ሲባል እየሰማን ነው ያደግነው። ያ እየሮጠ የሚገባው ሰው የልጅዎ ዘመድ ነው። ግን ወጌሻ ለኛ ሌላም ትርጉም አለው። ሰፈር ውስጥ ወለምታ የሚያሸው፣ ውልቃት የሚመልሰው፣ ስብራት በቀርከሃ የሚያስረው ሰው ነው። እጃቸው የተባረከ ወጌሾች አሉ፤ አልክድም። አጥብቀው ያሰሩት ቀርከሃ ደም ከልክሎ፣ ጋንግሪን ሆኖ፣ የልጅ እጅ የተቆረጠበት ጊዜም አለ። አገራችን ሆስፒታል የሠራ ሐኪም ይነግርዎታል። ልጅዎ ከምትማራቸው የመጀመሪያ ነገሮች አንዱ እጅ ወይም እግር ካሰረች በኋላ የልጁን ጥፍር መጫን ነው። ጥፍሩ ይነጣል። ስትለቀው ሁለት ሰከንድ ገደማ ውስጥ መልኩ መመለስ አለበት። ካልተመለሰ ማሰሪያው ጠብቋል ማለት ነው፤ ፈትታ እንደገና ታስራለች።

ባለቤትዎ ቀልደው ነው ያሉት፤ ይገባኛል። ልጅቷ ግን ቀልድ አልሰማችም። ጉልበቷ በተበጠሰበት ቀን ማን አጠገቧ እንደነበረ እሷ ታውቃለች። ምናልባት እርስዎ ሥራ ላይ ነበሩ፣ አባቷ መንገድ ላይ። ያን ቀን ሳር ላይ ተንበርክኮ እግሯን የያዘው ሰው አትሌቲክ ትሬነር ሳይሆን አይቀርም። አንድ ቀን ይጠይቋት።

ያ ቅጽበት ምን እንደሚመስል ላሳይዎ። አንዲት የ16 ዓመት ልጅ ኳስ ይዛ ዞር ስትል እግሯ መሬት ላይ ይቀራል፣ ሰውነቷ ይዞራል። ብዙዎቹ «ጧ ሲል ሰማሁት» ይላሉ። እሮጣለሁ። መጀመሪያ ስሟን እጠራለሁ፣ ዓይኗን አያለሁ። ከዚያ ጉልበቷን ትንሽ አጥፌ በአንድ እጄ ጭኗን ከላይ እይዛለሁ፣ በሌላው ቅልጥሟን ወደ ራሴ ሳብ አደርጋለሁ። ጅማቱ ደህና ከሆነ እንደ ተወጠረ ገመድ ጥርቅ ብሎ ይይዝዎታል። ከተበጠሰ የሚይዝ ነገር የለም፤ አጥንቱ ተከትሎዎት ይመጣል። ይሄንን በደቂቃዎች ውስጥ ማወቅ አለብኝ። ትንሽ ከቆየሁ ጉልበቱ ያብጣል፣ ጡንቻው ይገታተራል፣ እጄም አያውቅም። ኤምአርአዩ ቆይቶ የሚያሳየውን ብዙ ጊዜ ሳሩ ላይ አውቀዋለሁ። እጄ እያወቀው ፊቴ እንዳይነግራት መጠንቀቅ ደግሞ ሌላ ሥራ ነው። 11 ዓመት ሆኖኝም አልለመድኩትም።

ከዚያ ኦፕሬሽን አለ፣ ከዚያ ረጅሙ መንገድ። ዘጠኝ ወር፣ አንዳንዴ ዓመት። መጀመሪያ ጉልበቷን ቀጥ ማድረግ፣ ከዚያ ማጠፍ፣ ከዚያ መራመድ፣ መሮጥ፣ በመጨረሻ መዝለልና መዞር። ብዙዎቹ አራተኛው ወር ላይ ተስፋ ይቆርጣሉ። ሕመሙ ሄዷል፣ ኳሱ ግን ገና ሩቅ ነው፣ ጓደኞቻቸው ያለነሱ ይጫወታሉ። ያን ጊዜ ከማንኛውም መሣሪያ ይልቅ በየቀኑ «እስቲ ዛሬ አሳዪኝ» የሚል ሰው ያስፈልጋቸዋል። ልጅዎ ያንን ሰው አግኝታ ይሆናል። አሁን እሱን መሆን ነው የፈለገችው።

ግን ሙያው ጉልበትና ቁርጭምጭሚት ብቻ እንዳይመስልዎ። ሰው የሚሞትበት ሜዳ ነው። ጃንዋሪ 2 ቀን 2023 ሲንሲናቲ ላይ ቡፋሎ ቢልስ የሚባለው የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን ተጫዋች ደማር ሃምሊን ሌላ ተጫዋች ሲያስቆም ደረቱን ተመትቶ ወደቀ፣ ተነሳ፣ እንደገና በጀርባው ወደቀ። ልቡ ቆሞ ነበር። ሚሊዮኖች በቴሌቪዥን እያዩ ሲፒአር (ደረት እየተጫኑ የቆመ ልብን ማገዝ) የሠራለት የቡድኑ ረዳት አትሌቲክ ትሬነር ዴኒ ኬሊንግተን ነው። ልቡን እዚያው ሜዳ ላይ መለሱለት። በዚያው ዓመት መጸው ሃምሊን ተመልሶ ተጫወተ። እርስዎ የሲፒአር ካርድዎን በየሁለት ዓመቱ ያድሳሉ፤ ሠላሳ ጊዜ መጫን፣ ሁለት ጊዜ መተንፈስ ምን ያህል ክንድ እንደሚያዝል ያውቃሉ። ያው ነው። የእርስዎና የልጅዎ ሥራ እርስዎ ከሚያስቡት በላይ ይቀራረባል።

ሌላው ሙቀት ነው። ኦገስት ላይ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ውስጥ ከአውቶቡስ ፌርማታ ቤት ድረስ መሄድ እንኳ ምን እንደሚመስል ያውቁታል። በዚያ ሙቀት ሄልሜትና ትከሻ መከላከያ ለብሶ የሚሮጥ 120 ኪሎ የሚመዝን ልጅ ያስቡ። የውስጥ ሙቀቱ ከ40.5 ዲግሪ አልፎ ግራ መጋባት፣ መለፍለፍ፣ መውደቅ ከጀመረ ሂት ስትሮክ ነው። ያኔ ከአምቡላንስ በፊት ገንዳ ይቀድማል። እኔ ያለኝ ገንዳ ከብት ውሃ የሚጠጣበት ዓይነት ትልቅ ፕላስቲክ ነው። ልምምድ ከመጀመሩ በፊት ግማሹን ውሃ እሞላለሁ፣ በረዶውን በማቀዝቀዣ ሳጥን አጠገቡ አስቀምጣለሁ። አንድ አንሶላ አጥፌ ጠርዙ ላይ አደርጋለሁ። አንሶላው ለምን መሰለዎት? ልጁን ውሃ ውስጥ ስናስገባው በብብቱ ስር አዙረን ከኋላ እንይዘዋለን፤ ራሱን የሳተ ሰው ጭንቅላቱ ውሃ ውስጥ እንዳይሰጥም። ሙቀቱን የምንለካው በፊንጢጣ ነው። ግንባር ላይ የሚለካው ቴርሞሜትር ያታልላል፤ ይሄንን ለእርስዎ ማስረዳት አያስፈልገኝም። 39 ዲግሪ ገደማ እስኪደርስ ድረስ አናወጣውም፣ አምቡላንሱ መጥቶ ቢቆምም። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ከቀዘቀዘ ይተርፋል። ማሳቹሴትስ ውስጥ ፋልማዝ የሚባል የኦገስት ሩጫ አለ። በ18 ዓመት ውስጥ በሂት ስትሮክ የወደቁ 274 ሯጮች እዚያው ታክመዋል። አንድም ሰው አልሞተም።

ከእናንተ ቤት ብዙም ሳይርቅ፣ ኮሌጅ ፓርክ ላይ የሆነው ግን ሌላ ነው። ጆርዳን ማክኔር የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ፉትቦል ተጫዋች ነበር። 19 ዓመቱ። ሜይ 29 ቀን 2018 ልምምድ ላይ በሂት ስትሮክ ወደቀ፣ ጁን 13 ሞተ። የሙያችን ሰዎች እዚያው ነበሩ። ከዚያ በኋላ የተደረገው ምርመራ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ እንዳልገባና ሕክምናው እንደዘገየ አረጋገጠ። የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንትም የሕግና የሞራል ኃላፊነቱን እንቀበላለን ብለው በይፋ ተናገሩ። በየዓመቱ ኦገስት ሲመጣ ያንን ልጅ አስባለሁ። ይሄንን የምነግርዎ ላስፈራዎት አይደለም። ልጅዎ ልትሸከመው የፈለገችው ኃላፊነት ይሄን ያህል እንደሚመዝን እንዲያውቁት ነው። አባቷም እንዲያውቁት።

አሁን ገንዘቡ። «እንጀራ ይሆናል?» ብለው ጠይቀዋል፤ ልጅን ለማሳደግ ወገቧ እስኪቆረጥ የሠራች እናት ይሄንን የመጠየቅ ሙሉ መብት አላት። ይሆናል። ጠግቦ ለማደር ይሆናል። ግን ከነርስ ያነሰ ነው፣ ልዩነቱም ትንሽ አይደለም። በአሜሪካ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት መሠረት በ2023 የአትሌቲክ ትሬነር መካከለኛ ዓመታዊ ደመወዝ 57,930 ዶላር ነበር። ግማሾቻችን ከዚያ በላይ፣ ግማሾቻችን ከዚያ በታች ማለት ነው። የነርስ 86,070። ልዩነቱ 28 ሺህ ዶላር ገደማ ነው፤ በወር ከታክስ በፊት 2,300 ዶላር። እናንተ አካባቢ ብዙ ሰው የቤት ኪራይ የሚከፍለው ያንን ነው።

የሚያናድደው ደግሞ ይሄ ነው፦ ነርስ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ በሚገኝ ዲግሪም መሆን ይቻላል። አትሌቲክ ትሬነር ለመሆን አሁን ማስተርስ ግድ ነው። ድሮ በመጀመሪያ ዲግሪ ይገባ ነበር፤ ከ2022 መጸው ወዲህ ያኛው በር ለአዲስ ተማሪ ተዘግቷል። ትምህርቱ ወደ ላይ ወጣ፣ ደመወዙ እኩል አልተከተለውም። ሙያዬን እወደዋለሁ፣ ይሄ ግን ትክክል ነው ብዬ ለእርስዎ ልነግርዎ አልችልም።

ሰዓቱም አለ። ከሰዓት በኋላ እገባለሁ፣ ማታ ሦስት ተኩል ላይ እወጣለሁ። ቅዳሜም አለ። የትርፍ ሰዓት አይከፈለኝም። እንቁጣጣሽ ሁልጊዜ የፉትቦል ወቅት መሃል ነው የሚውለው። መስቀልም እንደዚያው። ለበዓል ዶሮው ወጥቶ ቤተሰብ ሲሰበሰብ እኔ ሜዳ ዳር ነኝ። ልጅዎም እንደዚያ ትሆናለች፤ ቢያንስ የመጀመሪያዎቹን ዓመታት። እርስዎ ደግሞ ሌሊት ይሠራሉ። ሁለታችሁ የምትገናኙበት ሰዓት ይጠፋል፣ እውነቴን ነው። ሁሉም ግን ትምህርት ቤት አይቀርም። የአጥንት ሐኪሞች ክሊኒክ ውስጥ፣ ትላልቅ መጋዘኖችና ፋብሪካዎች ውስጥ፣ ከወታደሮች ጋር፣ ከዳንስ ቡድኖች ጋር የሚሠሩ አሉ። መጋዘን ውስጥ ዕቃ የሚያነሳ ሠራተኛ ወገቡ እንዳይጎዳ ማስተማር፣ ሲጎዳም ቶሎ መድረስ፣ ያው ሙያ ነው። የጓደኞቼ ሰዓት እዚያ ይሻላል። አንዳንዶቹ ደመወዛቸውም ይሻላል።

እንግዲህ ነርሲንግ እንድትገባ ያስገድዷት? የኔ መልስ አይደለም ነው። ምክንያቱን ከኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል። 13 ዓመት በሌሊት ፈረቃ ሠርተዋል። ሥራውን ወዳ የመጣችውን ነርስና ቤተሰብ ገፍቷት የመጣችውን ነርስ ኮሪደር ላይ በእርምጃዋ ይለያሉ። የጥሪ ደወሉ ሲደወል ማን ቶሎ እንደምትነሳ ያውቃሉ። የትኛዋ በሽተኛውን ስታገላብጥ እንደምታወራው፣ የትኛዋ ዝም እንደምትል ያውቃሉ። ልጅዎ ሁለተኛዋን እንድትሆን አይፈልጉም።

ግን ዝም ብለው ይተዋት ማለቴም አይደለም። ዝም ብሎ መተው ሌላ ዓይነት ኩርፊያ ነው። ከእሷ ጋር ቁጭ ብለው ሒሳቡን ይሥሩት። ለማስተርሱ ስንት ትበደራለች? ፔል ግራንት የሚባለው የመንግሥት የትምህርት እርዳታ ለማስተርስ እንደማይሰጥ ታውቃለች? እኔ ለተማሪዎች የምነግረው አንድ ነገር አለ፦ ያለብሽ ብድር በሙሉ ከመጀመሪያ ዓመት ደመወዝሽ እንዳይበልጥ። 50 ሺህ ደመወዝ ይዞ 110 ሺህ ብድር የገባ ልጅ አውቃለሁ። ሥራውን ይወደዋል፤ ግን ቅዳሜና እሁድ ሌላ ሥራ ይሠራል። ሥራውን መውደድ ወለድ አይከፍልም። ስለዚህ የግዛቱ የሕዝብ ዩኒቨርሲቲ፣ ቤት ሆኖ መማር፣ ረዳትነት ሠርቶ ክፍያ መቀነስ፣ እነዚህን ቀድማ ትመልከት። ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ምናሳስ ባለው ግቢው ይሄንን ማስተርስ ያስተምራል፤ ከቤት ሊመላለሱበት የሚቻል ርቀት ነው።

ማንኛውንም ፕሮግራም ከመምረጧ በፊት ሁለት ነገር ታጣራ። አንደኛ፣ የሙያው እውቅና ሰጪ አካል ያጸደቀው መሆኑን። ካልሆነ የመጨረሻውን ፈተና መውሰድ አትችልም፤ ገንዘቡም ዓመቱም ውሃ በላው ማለት ነው። ሁለተኛ፣ ተማሪዎቹ ያንን ፈተና በመጀመሪያ ሙከራ ምን ያህል እንደሚያልፉ። ፕሮግራሞች ይሄንን ቁጥር በይፋ የማውጣት ግዴታ አለባቸው። ቁጥሩን የማያሳይ ወይም እያድበሰበሰ የሚያልፍ ትምህርት ቤት ካለ፣ ልጅዎ መኪናዋን አዙራ ትመለስ።

ደግሞም ልጅቷ ጊዜዋን አላባከነችም፤ ይሄንን ለባለቤትዎም ይንገሩልኝ። ኪኔሲዮሎጂ (የሰውነት እንቅስቃሴ ጥናት) ውስጥ የምትወስደው አናቶሚ፣ ፊዚዮሎጂ፣ ኬሚስትሪ፣ ሳይኮሎጂ ለነርሲንግም፣ ለፊዚካል ቴራፒም ይጠቅማል። ማይክሮባዮሎጂ ካልወሰደች አንድ ሴሚስተር ትጨምረው። አትሌቲክ ትሬኒንግ ብዙ ጊዜ አይጠይቀውም፤ የነርሲንግ ትምህርት ቤቶች ግን ይፈልጉታል። ዲግሪዋን ይዛ ሐሳቧ ቢቀየር፣ ዲግሪ ላላቸው ሰዎች የተዘጋጀ ፈጣን የነርሲንግ ፕሮግራም አለ፤ ከዓመት እስከ ዓመት ተኩል ያልቃል። ፊዚካል ቴራፒ ከፈለገች ሦስት ዓመት የሚወስድ ዶክትሬት ነው፤ በ2023 መካከለኛ ደመወዙ ወደ 100 ሺህ ዶላር ይጠጋ ነበር። ከኛ ሙያ ተነስተው ወደዚያ የሄዱ፣ ፒኤ (ከሐኪም ጋር የሚያክም ባለሙያ) የሆኑ ብዙ ናቸው። አንዱን በር ስትከፍት ሌላው አይዘጋባትም።

እሷም የቤት ሥራ አለባት። ለማስተርስ ከማመልከቷ በፊት አንድ ሙሉ ወቅት አትሌቲክ ትሬነር ተከትላ ትዋል። አንድ ጨዋታ አይበቃም። ኦገስት ላይ ከጠዋት እስከ ማታ ውሃ ስትሸከም፣ ኅዳር ላይ በብርድ ስትቆም፣ ማታ ተቀምጣ የእያንዳንዱን ልጅ መዝገብ ስትጽፍ ትየው። የአሰልጣኝ ጩኸትም አለ። ጭንቅላቱን የተመታ ልጅ ኮንከሽን (ከምት የሚመጣ የአንጎል ጉዳት) ከተጠረጠረ በዚያን ቀን ተመልሶ አይገባም። በ50ዎቹም ግዛቶች በትምህርት ቤት ልጆች ኮንከሽን ላይ ሕግ ወጥቷል። ግን ሕጉን ሦስት ደቂቃ በቀረው ጨዋታ ላይ፣ ለተናደደ አሰልጣኝና ለሚጮህ አባት የሚነግረው ሕጉ አይደለም። የ24 ዓመት አትሌቲክ ትሬነር ናት። የልጁን ሄልሜት ከእጁ ወስዳ ከጀርባዋ ትይዛለች፤ ሳይታይ ሾልኮ እንዳይገባ። ያንን ማድረግ ትችል እንደሆነ ራሷን ትጠይቅ። ክፍሏን የዘጋችው ልጅ በሩን ከፍታ ከአባቷ ጋር ይሄንን ማውራት ከቻለች፣ ያንንም ትችላለች።

እርስዎም አንድ ነገር ያድርጉልኝ። ፈረቃ የሌለዎት አንድ አርብ ከልጅዎ ጋር ሆነው የሃይስኩል ፉትቦል ጨዋታ ይሂዱ። ባለቤትዎም ለዚያች ማታ ስልኩን ያጥፉት። ኳሱን አይከተሉ፤ ሕጉ ባይገባዎትም ግድ የለም። ሜዳው ዳር ወገቡ ላይ ቦርሳ ያሰረ፣ ወይም ያሰረች፣ አንድ ሰው ይፈልጉ። ጎል ሲገባ ሁሉም ይጮሃል፤ ያ ሰው አይጮህም። ተጫዋቾቹ ተከማችተው ሲወድቁ ሁሉም ኳሱ የት ሄደ ይላል፤ እሱ ማን እንዳልተነሳ ይቆጥራል። ልጅዎ እሱን ስታየው ደግሞ እርስዎ እሷን ይዩአት። ደብዳቤ ጽፈው እኔን ከመጠየቅ የበለጠ ፊቷ ይነግርዎታል።

በነገራችን ላይ፣ ከአሜሪካ ሃይስኩሎች ከሦስቱ አንዱ ገደማ አትሌቲክ ትሬነር የለውም። ሜዳ ዳር የሚፈልጉት ሰው ጨርሶ ከሌለ፣ ያኔም ከልጅዎ ጋር የምታወሩት ነገር አታጡም።

ቡናው ላይ ምን ይበሉ? «የስፖርት ጉዳት ሕክምና ነው የምትማረው፤ ፈቃዷን የምትወስደው ሐኪሞች ከሚወስዱበት ቦርድ ነው» ይበሉ። «ወጌሻ ነው እንዴ?» የሚል ካለ «አዎ፣ ፈቃድ ያላት ወጌሻ» ይበሉት። ብቻ ቡና ላይ ከማለትዎ በፊት አንዴ ቤት ውስጥ ይበሉት፣ አባቷም ባሉበት፣ እሷም እየሰማች።